ከቁጥሩ በፊት ያሉት ዓመታት

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ በጎንደር የተደረገ ንግግር። ለዓመቱ መጽሐፍ ሲዘጋጅ አነጋገሩ በአብዛኛው እንዳለ ተትቷል።)

እንዲህ ተሰብስበን ለመተያየት ያልቻልንባቸው ዓመታት እንደነበሩ ሁላችንም እናውቃለን።

አዘጋጆቹ «ስለ ስኬት ተናገርልን» አሉኝ። ስለ ስኬት የሚናገር ሰው ሞልቷል፣ ከስኬት በፊት ስላለው፣ ማንም ስለማያጨበጭብለት ጊዜ ልናገር አልኳቸው። «እሱማ ሰው ያስተኛል» አለኝ አንደኛው። እንግዲህ ተራዬን ከምሳ በኋላ ያደረጉት እነሱ ናቸው፤ ብትተኙ እኔ የለሁበትም።

አሁን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል ብላችሁ እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። አልልም። ያ ተረት ሁልጊዜ ቅር ይለኛል። እንቁላሉ ምን ሠራ? ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ሳትነቃነቅ የተቀመጠችበት ዶሮዋ ናት። የእሷን ነገር ግን ተረቱ አንድም ቦታ አያነሳውም። ዛሬ የምናወራው ስለ ዶሮዋ ነው።

ከራሳችን ቤት ልጀምር። ይህ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ተቋም የተፀነሰው በሽንፈት ጊዜ ነው። በ1945 ዓ.ም. አካባቢ የደምቢያን ሜዳ ወባ መታው፤ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። ሐኪም የለ፣ መድኃኒት የለ፣ የሚመዘግብ እንኳ የለ። ከዚያ በኋላ ነው በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል የተከፈተው። ሐሳቡ ለዚያ ዘመን ደፋር ነበር። ሐኪም አሠልጥኖ እስኪደርስ ከመጠበቅ ይልቅ ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አብረው ይሠልጥኑ፣ አብረውም ወደ ገጠር ይውጡ የሚል ነው። አንዱ ያክማል፣ አንዷ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች፣ አንዱ ምንጭ ያጎለብታል፣ ጉድጓድ ያስቆፍራል። ቆላ ድባ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የተለማመዳችሁ ታላላቆቻችን ከእኔ የተሻለ ትመሰክራላችሁ። እኛ በኋላ የመጣነው ደግሞ ያንኑ ነገር «ቲቲፒ» እያልን ጠራነው፤ ፍራሻችንን ጭነን፣ በየጤና ጣቢያው ሽሮ እየተዋጣን ወጥተናል። (ሽሮውን ማን ያሳርረው እንደነበር ዛሬ አላነሳም፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል።)

አሁን ቀኑን ልብ በሉልኝ። ኮሌጁ የተከፈተው በ1947 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ1958፣ ማለትም ኮሌጁ በተከፈተ በአራተኛው ዓመት ገደማ፣ ሌላ የወባ ወረርሽኝ መጣ። የመጀመሪያው የደምቢያን ሜዳ ነበር የመታው፤ ይሄኛው ግን የአገሪቱን ሰፊ ክፍል አዳረሰ፤ ወባ ብዙም በማይደርስባቸው፣ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው ቦታዎች ጭምር ገባ። በጊዜው በተደረገው ግምት ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፤ 150,000 ያህል ሞተ።

እስቲ በዚያ ዓመት ኮሌጁን ገምግሙ ብትባሉ ምን ትሉ ነበር? የተቋቋመው ወረርሽኝ ለመከላከል ነው፤ አራት ዓመት ተሠራበት፤ ከመጀመሪያው የባሰ ወረርሽኝ መጣ። ዛሬ ባለን የግምገማ ፎርም ቢሆን «ውጤት አላስመዘገበም» ተብሎ ይዘጋ ነበር። አልተዘጋም። የወጡት ጥቂት ተመራቂዎች በየአውራጃው ምንጭ መከለላቸውን፣ ሕፃን መመዘናቸውን፣ መዝገብ መሙላታቸውን ቀጠሉ። ያ ሥራ ለብዙ ዓመታት ማንም ሊያየው የሚችል ለውጥ አላመጣም። በ1971 ዓ.ም. ገደማ በላይፕሲግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የሕክምና ፋኩልቲው ሲከፈት መሠረቱ ግን ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሆስፒታሉ፣ መምህራኑ፣ ከሁሉም በላይ ገጠር የመውጣት ልማዱ።

ልማድ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ከራሴ ሥራ አንድ ነገር ልንገራችሁ።

እኔ የተመደብኩት በሰሜን ደጋ ነበር። ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት፣ ጠዋት ውሃው እጅ የሚቆርጥ አገር። ሥራዬ በአጭሩ ሰውን መጸዳጃ ቤት እንዲቆፍር ማግባባት ነው። አንድ አባት ነበሩ፣ ቤታቸው ገደል አፋፍ ላይ። «ልጄ» አሉኝ፣ «ይኼን የመሰለ ገደል ፈጣሪ ሰጥቶን ሳለ አንተ ጉድጓድ ታስቆፍራለህ?»

«አባቴ፣ ገደሉ ሥር እኮ ምንጭ አለ» አልኳቸው።

«እሱንማ የሚጠጡት የታች አምባ ሰዎች ናቸው» አሉኝ፤ ነገሩ በዚያ አለቀ።

ዓርብ ዓርብ እሄዳለሁ። ስለ ጉድጓድ ሁልጊዜ አላነሳም፤ ስለ ገብሱ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጃቸው ክርክር አወራለሁ፤ ጠላ ይቀርባል። በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ወር ቆፈሩልኝ። አምነውበት ግን አይደለም፣ ይሉኝታ ይዟቸው ነው። ከዚያስ? ማገዶ አከማቹበት። ቀበሌው ውስጥ ከተቆፈሩት ብዙዎቹ እንደዚያ ነበሩ፤ ኩበት ያለበት፣ ዶሮ የሚያድርበት። ሪፖርቱ ላይ «ተቆፍሯል» ይላል፤ ውሸት አይደለም፣ ተቆፍሯል።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት ምራታቸው ወለደች። አራስ ልጅ በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ውርጭ፣ በሌሊት ሜዳ አትወጣም። አማትየዋ ማገዶውን አወጡና ጉድጓዱን አጸዱላት። ከአራስነት ስትወጣ ማገዶው አልተመለሰም። ጎረቤቷ አየች፤ የጎረቤቷ እህት አየች። ያንን ሁሉ ዓርብ ያወራሁት እኔ ነኝ፤ ጉድጓዱን ያስጀመረችው ግን አራሷ ናት። ይህን ሳስበው፣ ጉድጓዱ ቀድሞ ባይቆፈር ኖሮ ያቺ ሌሊት በመጣች ጊዜ ምንም የሚጸዳ ነገር አይኖርም ነበር። እኛ የምንሠራው ሥራ አብዛኛው እንደዚህ ነው፤ የማናውቃት አንዲት ሌሊት እስክትመጣ ቦታ ማዘጋጀት። ቀኑን የምንመርጠው እኛ አይደለንም።

አንዳንዶቻችሁ ይሄ የደግ ሰው ተረት ነው፣ ታግሰህ ጠብቅ ነው ነገሩ ትሉ ይሆናል። አይደለም፤ የሚከብደው ገና ይመጣል።

ትራኮማን ውሰዱ፤ ገበሬው የዐይን ማዝ የሚለውን። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ ከበረታባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በሽታው በአንድ ቀን አያሳውርም። ልጅ ሳለች ደጋግሞ ይይዛታል፤ በያዛት ቁጥር የዐይኗ ቆብ ውስጡ ትንሽ ትንሽ ይጠባሳል። ትልቅ ሰው ስትሆን ጠባሳው ቆቡን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፍቃል። ያኔ ነው ወረንጦ የሚገዛው። ሴቶች በብዛት የሚጎዱት ሕፃናቱን የሚይዙት እነሱ ስለሆኑ ነው፤ ከልጁ ፊት ወደ እናቱ ነጠላ፣ ከነጠላው ወደ ዐይኗ። እንግዲህ የአንዲት የአራት ዓመት ልጅ ፊት ዛሬ ጠዋት ቢታጠብ ውጤቱ የሚታየው መቼ ነው? ከሠላሳ፣ ከአርባ ዓመት በኋላ። እንዴት ይታያል? ምንም ባለመሆን። ሴትየዋ መርፌዋን ራሷ ትከታለች፤ ገበያ ብቻዋን ትሄዳለች፤ ማንንም አታመሰግንም፤ የምታመሰግንበት ነገር መኖሩንም አታውቅም።

በክልላችን ከካርተር ማዕከል ጋር የተጀመረው የትራኮማ መከላከል ሥራ እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ ነው። አራት እግር አለው፤ ቀዶ ሕክምና፣ በዓመት የሚታደለው መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕናና የአካባቢ ንጽሕና። መለኪያው ደግሞ ግልጽ ነው፤ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ባሉ ሕፃናት መካከል የበሽታው ምልክት ከ5 በመቶ በታች መውረድ አለበት። ብዙ ወረዳዎች በእጅጉ ወርዶላቸዋል። አንዳንዶቹ ግን ከአሥር ዓመት በላይ መድኃኒት ታድሎባቸው እዚያ መስመር ላይ አልደረሱም። ይህን ከእናንተ መካከል በሥራው ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

ቆይ፣ የባሰም አለ። በዋግ ኽምራ በ40 መንደሮች ላይ አንድ ትልቅ ጥናት ተደረገ። ግማሾቹ መንደሮች የውሃ ነጥብ ተሠራላቸው፣ ስለ ፊት መታጠብና ስለ መጸዳጃ ቤት ቤት ለቤት ተሰበከላቸው፤ ግማሾቹ ተራቸውን እንዲጠብቁ ተደረገ። ሦስት ዓመት። መጨረሻ ላይ የሕፃናቱ ዐይን ሲመረመር፣ ተህዋሲውን በመሸከም ረገድ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም።

ሦስት ዓመት የታጠበ ፊት፣ ልዩነት የለም።

ይህን ስሰማ ያየሁት ሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛው «በቃ፣ ማጠቡ አይረባም» ይላል። ሌላው «ጥናቱ ተሳስቷል» ብሎ ፊቱን ያዞራል። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። ሠላሳ ዓመት ፈጅቶ የሚያሳውር በሽታ በሦስት ዓመት አላፈገፈገም ተብሎ ልማዱ አይጣልም፤ ውሃና ሳሙና ለትራኮማ ብቻ አይደለም፣ ለተቅማጡም ነው። ግን ደግሞ «ታገሱ፣ ውጤቱ ይመጣል» እያልን ዘላለም መደበቅም አንችልም። ጥናቱ የነገረን በዚያ መጠንና በዚያ መንገድ የተሠራው እንዳልበቃ ነው። ታዲያ እናትየዋ ውሃውን ከየት ነው የምትቀዳው? ምን ያህል ይቀርባታል? ሳሙና ለመግዛት ከየትኛው ገንዘብ ትቀንሳለች? ስንት ልጅ ነው በአንድ ጣሳ የሚታጠበው? ልማዱን ይዞ አሠራሩን መለወጥ የሚቻለው እነዚህን የጠየቀ ሰው ብቻ ነው።

ትዕግሥትና ግትርነት ከውጭ ሲታዩ መልካቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም በየዓርቡ ይሄዳሉ። የሚለያቸው ደብተር ነው። ታጋሹ ይመዘግባል፤ ሲመዘግብ ደግሞ ያላማረውንም ይጽፋል።

ለዚህ ነው ከዩኒቨርሲቲያችን ሥራዎች ሁሉ ዳባትን የምወደው። ከዚህ ወደ ሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዚያ ወረዳ በተመረጡ ቀበሌዎች መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ ብለው ይጽፋሉ። ሰው ሲሞት ሐዘኑ እስኪበርድ ጠብቀው ቤተሰቡን ስለ ሕመሙ ይጠይቃሉ፤ ሟቹ ሐኪም ቤት ባይደርስም የሞቱ ምክንያት እንዲገመት። አስቡት፤ የመጀመሪያው ዓመት መዝገብ ምን ይጠቅማል? ከምን ጋር ታወዳድረዋለህ? የሁለተኛውስ? ብቻውን የሚያምር አንድም ዓመት የለውም። ዋጋው ርዝመቱ ነው። ከናንተ ስንቶቻችሁ ናችሁ የማስትሬት ጽሑፋችሁን በዳባት መረጃ የሠራችሁ? እጅ... አዎ፣ አያችሁ። ያንን መዝገብ የጀመሩት ሰዎች የእናንተን ርዕስ አያውቁትም ነበር።

መዝገብ ሲረዝም ምን እንደሚያሳይ አንድ ምሳሌ ከአገር አቀፉ የሥነ-ሕዝብና ጤና ጥናት ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው ጥናት፣ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞቱ ነበር። በ2005 ቁጥሩ 123 ሆነ። በ2011 ደግሞ 88። በ2016 ወደ 67 ወረደ። ከአንዱ ጥናት ወደ ሌላው መካከል አምስትና ስድስት ዓመት አለ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ ሁለት ሁለት ወጣት ሴቶች በየቀበሌው ሲመደቡ፣ «እነዚህ ልጆች ምን ሊያደርጉ ነው?» ያላለ የጤና ባለሙያ ጥቂት ነው። አሥራ ስድስት ፓኬጅ ተሸክመው በእግራቸው ዞሩ። ቁጥሩ የወረደው በእነሱ ብቻ ነው አልልም፤ ክትባቱ አለ፣ አጎበሩ አለ፣ መንገዱ፣ ትምህርት ቤቱ አለ። ግን በ1997 ዓ.ም. አንድ ቀበሌ ውስጥ ቆመህ ብትመለከት ያ ቁጥር ሲወርድ አይታይህም። አንዲት እናት ልጇን አስከተበች፤ ልጁ አልሞተም። ያልሞተ ልጅ ዜና አይሆንም።

ስለ ጥንቱ የጎንደር ትምህርት ቤትም አንድ ነገር ልበል፤ እኛ ነጭ ጋዋን ስለለበስን የተማርነው እኛ ብቻ እንመስለዋለን። ጎንደር ያደገ ሁሉ የአብነት ተማሪን ያውቀዋል፤ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጃችን ይቆም የነበረውን። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ መወድስ ቁጠር አይባልም። መጀመሪያ ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና ናት የሚሰጡት። ከዚያ ሦስት ቤት፤ ዘአምላኪየና ሚበዝኁ። እንዲህ እያለ ከጊዜ በኋላ ስምንት ቤት መወድስ ይደርሳል። ቀን ብቻውን አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይቆጥራል፤ በኋላ ሄዶ ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ያርማሉ፤ ብዙ ጊዜም ያፈርሱበታል። በነጋታው ደግሞ ይቆጥራል።

እኔን የሚገርመኝ ልጁ ረሃቡንና ብርዱን መቻሉ ብቻ አይደለም፤ ስለሱ ብዙ ተብሏል። የሚገርመኝ የየኔታ ነገር ነው። የተበላሸውን ቅኔ ሁሉ በየቀኑ ተቀምጠው ይሰማሉ። ሰሚ ባይኖር ያ ልጅ ስንት ቀን ዛፍ ሥር ይቀመጥ ነበር?

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ባለፈው ዓመት ከዚሁ ግቢ የወጣ አንድ ልጅ ደወለልኝ። ደጋ ወረዳ ነው የተመደበው፤ ሥራ ከጀመረ ስምንት ወሩ። «ጋሼ፣ ልለቅ ነው» አለኝ። ደመወዙ ነው ብዬ ነበር። ደመወዙም አለ፣ እሱን አልክድም፤ በዚህ ኑሮ ውድነት ለወጣት «ታገስ» ማለት ለሚናገረው ይቀላል። እሱ ያለኝ ግን ሌላ ነው። «ስምንት ወር ያስተማርኩት ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም። የሚጠይቀኝ የለም። ሪፖርት እልካለሁ፣ ማንም መልሶ ምንም አይለኝም።»

ስምንት ወር! አባትየው ጉድጓዱን የቆፈሩት በስምንተኛው ወር ነው፤ ያውም ለማገዶ። ይህን ነገርኩት፤ ሳቀ። ከዚያ በኋላ በየወሩ እንደዋወላለን። ምክር አልሰጠውም፤ በዚያ ወር የሠራውን ይነግረኛል፣ እኔ እጠይቃለሁ፤ ስንት ቤት ሄድክ? ማን እምቢ አለህ? ለምን ይመስልሃል? እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ነገ ይልቀቅ አይልቀቅ አላውቅም።

የዚህ ልጅ ብቻ ቢሆን እዚህ ባላነሳሁት። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ፣ እስከ ጭና ድረስ ደርሶ ያደረሰውን እልቂት ታውቃላችሁ። ከዚያም ወዲህ አገራችን እንደልብ አልሰነበተችም። በክልሉ የተዘረፈ ጤና ኬላ፣ የተቋረጠ ክትባት፣ የተበተነ መዝገብ አለ። ሰው ከሸሸበት ሲመለስ መጀመሪያ የሚሠራው ጣሪያውን ነው፤ ጉድጓዱን አይደለም። ሃያ ዓመት የተለመደ ልማድ በአንድ ክረምት ሊጠፋ ይችላል፤ ሲመለስ ግን በአንድ ክረምት አይመለስም። ያንን እንደገና ከአንድ የሚጀምሩት እነዚህ በሃያ ሦስትና በሃያ አራት ዓመታቸው የተመደቡ ልጆች ናቸው። ሥራቸው በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት በየትኛውም ቁጥር ላይ ላይታይ ይችላል። ካልታየ ይለቃሉ፤ ከለቀቁ ደግሞ ተተኪው እንደገና ከዜሮ ነው፤ የዓርቡ ጉዞ፣ ጠላው፣ የገደሉ ክርክር ሁሉ።

ስለዚህ ማኅበራችን ገንዘብ ከማዋጣቱ በተጨማሪ አንድ ርካሽ ነገር እንዲያደርግ እጠይቃለሁ። እያንዳንዳችን አንድ አዲስ ተመራቂ እንያዝ። በወር አንድ ጊዜ ስልክ፤ ሠላሳ ደቂቃ፤ ለሁለት ዓመት። ከዚያ ማነስ የለበትም፤ አራሷ የወለደችው በሁለተኛው ዓመት ነውና። ዘመድ አታድርጉት፣ ዝውውር አታስጨርሱለት፣ የናንተን ዘመን ጀግንነት አትተርኩለት። የሠራውን ይንገራችሁ፤ ስሙት፤ የተሳሳተውን ንገሩት። ኔትወርክ የማይሠራበት ወረዳ አለ፤ እዚያ ያለው ልጅ ወደ ከተማ ሲወጣ ይደውላል፤ እናንተ ስልኩን አንሱ።

ከእናንተ ውጭ አገር ያላችሁም ትችላላችሁ፤ የሰዓቱን ልዩነት ብቻ አስቡበት፤ ልጁን በሌሊት እንዳትቀሰቅሱት። ጡረታ የወጣችሁ ታላላቆቻችን ደግሞ ከሁላችን የተሻለ ጊዜና የተሻለ ወሬ አላችሁ።

መዝገቡ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ስም፣ የተመረቃችሁበት ዓመት፣ ስልክ ቁጥር፣ የምታውቁት ወረዳ። ቡና እየተፈላ ስለሆነ ሰልፍ ይኖራል፤ መጀመሪያ ጽፋችሁ ከዚያ ቡናውን ብትጠጡ ይሻላል፣ ከቡናው በኋላ ወሬው እንደማያልቅ አውቃለሁና።